በልጅ ልክ የተሠራ እንጨት፦ የአንድ ጅማ አናጺ ቤት የሕፃናት ወንበር፣ መቆሚያና መለማመጃዎች

ጅማ የእንጨት ሥራ ከተማ ናት። ባለ ሦስት እግሩ በርጩማዋ ከክልል አልፎ የታወቀ ሲሆን፣ በመርካቶ ዙሪያ ባሉት መንገዶችም አልጋ፣ ቁም ሣጥንና በር የሚሠሩ አናጺ ቤቶች ብዙ ናቸው። ይህ ግምገማ የሚመለከተው ከእነዚህ አንዱን ነው። ቤቱ የዕለት ገቢውን የሚያገኘው እንደ ሌሎቹ ሁሉ ከአልጋና ከበር ቢሆንም፣ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ የአካል እንቅስቃሴ ችግር ላለባቸው ሕፃናት ልዩ ወንበር፣ መቆሚያ፣ መራመጃና የሚዛን መለማመጃ በትእዛዝ ይሠራል። ባለቤቱ ትእዛዝ ከአቅማቸው በላይ እንዳይበዛባቸው ስለሚሰጉ ስማቸውም ሆነ የቤታቸው ስም በጽሑፍ እንዳይወጣ ጠይቀውኛል፤ ጥያቄያቸውን አክብሬ ስለ ሥራው ብቻ እጽፋለሁ። ከልቡ ለሚፈልጋቸው ሰው በከተማው ያሉ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች መንገዱን ያሳዩታል።

የማስተምርበት አጸደ ሕፃናት ዕቃዎቹን ያሠራው በወላጆች መዋጮ ሲሆን፣ አንድ የትምህርት ዓመት ገደማ ተጠቅመንባቸዋል። በክፍላችን ሴሬብራል ፓልሲ (ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ያለባት አንዲት ልጅ፣ ዳውን ሲንድረም ያለበት አንድ ልጅና በሕፃንነቱ ለቆልማማ እግር የታከመ ሌላ ልጅ ይማራሉ፤ የቀሩት የአካል ጉዳት የለባቸውም። ስለዚህ ዕቃዎቹን የመዘንኩት በሕክምና ክፍል ውስጥ ለብቻው በሚሠራ ልጅ ሳይሆን፣ ብዙ ልጆች በሚጫወቱበት፣ በሚጋፉበትና ዕቃ በሚሰብሩበት ክፍል ነው። ይህን አስቀድሜ መናገሬ ተገቢ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በቤት ውስጥ ለአንድ ልጅ ብቻ የሚያሠራ ወላጅ አንዳንዱን ፍርዴን ላይጋራው ይችላል።

ካሠራናቸው ሁሉ ያለ ማመንታት የማመሰግነው የማዕዘን ወንበሩን ነው። የወንበሩ ጀርባ ሁለት ጣውላዎች በ90 ዲግሪ የተገናኙበት ሲሆን፣ ልጅቷ በመካከላቸው ስትቀመጥ ትከሻዎቿ ወደ ኋላ መሳባቸው ይቀርና ወደ ፊት ይመጣሉ፤ እጆቿም በደረቷ ፊት ለመገናኘት ይችላሉ። ጡንቻቸው የሚገተር ልጆች በተራ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ድንገት ተወጥረው ወደ ኋላ ይለጠጣሉ፤ ወዲያውም ዳሌያቸው ወደ ፊት ተንሸራትቶ ከመቀመጫው ሊወርዱ ይደርሳሉ። ዳሌ፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት እያንዳንዳቸው በ90 ዲግሪ ታጥፈው፣ መርገጫው ላይ እግር ሙሉ በሙሉ ሲያርፍ፣ በጉልበቶቹም መካከል እግሮች እንዳይጣበቁ የሚከለክል ለስላሳ ጉብታ ሲኖር ይህ መገተር ይቀንሳል። ወንበሩ ይህን ሁሉ አሟልቷል።

ሴሬብራል ፓልሲ በማደግ ላይ ባለ አንጎል ላይ ከልደት በፊት፣ በወሊድ ጊዜ ወይም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሚደርስ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴና የሰውነት አቋም ችግር ነው። የአንጎል ጉዳቱ ራሱ እየባሰ አይሄድም፤ በጡንቻና በመገጣጠሚያ ላይ የሚያስከትለው ግን ልጁ ባደገ ቁጥር ይለዋወጣል። ባለሙያዎች የልጆቹን የእንቅስቃሴ አቅም የሚለዩት እ.ኤ.አ. በ1997 ይፋ በሆነ ባለ አምስት ደረጃ ምደባ ነው፤ በመጀመሪያው ደረጃ ያለ ልጅ ያለ ድጋፍ ይራመዳል፣ ይሮጣልም፤ በአምስተኛው ያለው ግን ራሱንና አንገቱን ቀና አድርጎ መያዝ እንኳ ይከብደዋል። የእኛ ተማሪ አራተኛው ደረጃ ላይ ናት። ምደባው በዚህ ደረጃ ላይ ስላሉ ከ4 እስከ 6 ዓመት ዕድሜ ያሉ ልጆች የሚናገረው፣ ወንበር ላይ መቀመጥ እንደሚችሉ፣ ነገር ግን ወገባቸውን ለመቆጣጠርና እጃቸውን በሚገባ ለመጠቀም ለእነሱ የተስተካከለ መቀመጫ እንደሚያስፈልጋቸው ነው። በእርግጥም በክፍላችን ያየነው ይህንኑ ነበር። ቀድሞ ረዳት መምህርቷ ከኋላ ይዛ ስታስቀምጣት የልጅቷ ጉልበት ሁሉ የሚያልቀው ላለመውደቅ ነበር፤ አሁን ግን ወንበሩ ወገቧን ስለያዘላት ጉልበቷ ለእጆቿ ተርፏል። በገበታው ላይ የተቀመጡ የጠርሙስ ክዳኖችን ከአንዱ ሣህን ወደ ሌላው ታዛውራለች፣ በወፍራም ጠመኔ ትሞነጫጭራለች፣ ከጓደኞቿ ጋር ፊት ለፊት ተያይታ ትበላለች።

የወንበሩ ጥራት የመጣው ከእንጨቱ በፊት ከልኬቱ ነው። ባለቤቱ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ልጅቷ ራሷ እንድትመጣ ጠየቁ፤ «ልጁን ሳላይ የልጅ ወንበር አልሠራም» ብለው በዕድሜ ብቻ የቀረበላቸውን ትእዛዝ መመለሳቸውን ከሌላ ወላጅም ሰምቻለሁ። ከመቀመጫዋ ጀርባ እስከ ጉልበቷ እጥፋት፣ ከጉልበቷ እጥፋት እስከ ተረከዟ፣ የዳሌዋን ስፋት፣ ከመቀመጫዋ እስከ ብብቷና እስከ ክርኗ ያለውን ርቀት ሁሉ ለኩ። የመቀመጫውን ጥልቀት ከጉልበቷ እጥፋት 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር አሳጥረው ሠሩት። መቀመጫው ከዚህ ከረዘመ ጠርዙ የጉልበትን ጀርባ ስለሚገፋ ልጁ ጀርባውን ወደ መደገፊያው ማድረስ አይችልም፤ ስለዚህ ተንሸራቶና ጎብጦ ይቀመጣል። ገበታው ደግሞ ክርኖቿ ሳይነሡ በሚያርፉበት ከፍታ ላይ ተሠርቷል።

ይህን ልኬት ካየን በኋላ የክፍላችንን ሌሎች ወንበሮች በዚያው ዓይን መረመርናቸው። አብዛኞቹ ከልጆቹ ቁመት ጋር የማይመጣጠኑ፣ እግራቸውን መሬት ሳያስነኩ አንጠልጥለው የሚያስቀምጡ ነበሩ። የአካል ጉዳት የሌለበትም ልጅ ቢሆን እግሩ ተንጠልጥሎ ሲቀመጥ ሚዛኑን ለመጠበቅ ሲል ይወራጫል፣ በአንድ እጁ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይይዛል፣ በቀረው አንድ እጁ ደግሞ እንዲጽፍ እንጠብቅበታለን። የወንበሮቹን እግር በመጋዝ ማሳጠር ብዙ ወጪ አልጠየቀም፤ የልጆቹ የእርሳስ አያያዝ ግን በግልጽ ተሻሽሏል። «አይረጋጋም» እየተባለ ከሚወቀሰው ልጅ ይልቅ ብዙ ጊዜ ሊወቀስ የሚገባው ወንበሩ ነው።

ወንበሩ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። በመጀመሪያ ሲመጣ የወገብ ማሰሪያው ከፍ ብሎ በሆዷ ላይ ያልፍ ስለነበር ልጅቷ ስትንሸራተት ወደ ደረቷ ይወጣ ነበር፤ ይህ ደግሞ ለአተነፋፈስም አደገኛ ነው። ማሰሪያ በዳሌ እጥፋት ላይ፣ ከመቀመጫው ጋር ወደ 45 ዲግሪ በሚጠጋ ማዕዘን ሲያልፍ ነው ዳሌን ወደ ኋላና ወደ ታች የሚይዘው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ መጥታ ካሳየቻቸው በኋላ ባለቤቱ ያለ ምንም ክርክር ቦታውን ቀየሩት። ሁለተኛው እንከን እስካሁን አልተስተካከለም፤ የስፖንጁ ልባስ በሚስማር የተመታ በመሆኑ ወልቆ አይታጠብም። አጥሚትና ወተት የማይፈስበት የልጅ ወንበር ባለመኖሩ፣ ልባሱ በተለጣፊ ማሰሪያ ወይም በዚፕ እንዲሠራ አስቀድማችሁ እንድትነግሯቸው እመክራለሁ።

ስለ እንጨቱም ጥቂት ልበል። ለመቀመጫውና ለመደገፊያው ከአልጋና ከበር ሥራ የተረፈ የዋንዛ ቁራጭ፣ ለእግሮቹ ደግሞ ባሕር ዛፍ ተጠቅመዋል። ዋንዛ በአካባቢያችን ለቡና ጥላ የሚተከል፣ ለመላግ የሚመችና ብዙም የማይጣመም እንጨት ነው፤ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ በሕግ ከተጠበቁት አገር በቀል ዛፎች አንዱ በመሆኑም ዋጋው የማይቀመስ ሆኗል። ቁራጩን ለሕፃናት ዕቃ ማዋላቸው ብልህነት ነው። ርካሽ እንዲሆን ብሎ ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨትና ከሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ) የሚያስመርጥ ወላጅ ካለ ግን ደግሞ ቢያስብበት ይሻላል፤ በጅማ ክረምትና እርጥበት፣ በየቀኑም በእርጥብ ጨርቅ በሚወለወል ዕቃ ላይ ኤምዲኤፍ ጠርዙ አብጦ ይፈረፈራል፣ ቪሱም መያዣ ያጣል። ቀለም ከፈለጋችሁ ደግሞ የምትገዙትን ቀለም ምንነት ራሳችሁ አጣሩ። ሊድ የተባለው ብረት የሕፃናትን አንጎል ስለሚጎዳ፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ ሊኖር የሚችለው ከ1 ሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ገድባለች፤ ልጆች ደግሞ የገበታን ጠርዝ ይነክሳሉ። እኛ ቀለሙን ትተን በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ተልጎ ቫርኒሽ ብቻ እንዲቀባ አድርገናል።

መቆሚያው ሁለተኛው ዕቃችን ነው፤ ስለ እሱ ያለኝ አስተያየት እንደ ወንበሩ የጠራ አይደለም። ዕቃው ራሱን ችሎ መቆም የማይችልን ልጅ በደረቱ፣ በዳሌውና በጉልበቱ ደግፎ የሚያቆም ሲሆን፣ ከፊቱ የሥራ ገበታ አለው። ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ መቆሚያ ቀና ብላ ስትቆም የክፍሉ ልጆች ሳናስተምራቸው «ወፌ ቆመች!» እያሉ ማጨብጨባቸው ትዝ ይለኛል፤ ይሁን እንጂ ደስታችን የመቆሚያውን ጉድለት እንዳናይ ሊጋርደን አይገባም። መቆም ለአጥንት፣ ለአንጀት እንቅስቃሴና ለጡንቻ መሳሳብ የሚሰጠው ጥቅም ይታወቃል፤ ከሁሉም ይበልጥ ግን በዳሌ መገጣጠሚያ ላይ ያለው ትርጉም መታየት አለበት። ሴሬብራል ፓልሲ ባለባቸው ልጆች የጭን አጥንት ራስ ከዳሌው ጎድጓዳ ቀስ በቀስ ሊወጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት እንዳሳየው፣ ከላይ በጠቀስኩት ምደባ አንደኛ ደረጃ ካሉት ልጆች ይህ ችግር የታየበት አልነበረም፤ አምስተኛ ደረጃ ካሉት ግን 90 በመቶ በሚሆኑት ላይ ታይቷል። አራተኛ ደረጃ ላይ ያለ ልጅም ለስጋቱ ቅርብ ነው። ስለዚህ ባለሙያዎች የሚመርጡት ሁለቱ እግሮች ከፈት ብለው የሚቆሙበትን መቆሚያ ሲሆን፣ ለዳሌ ጥቅም ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው መጠንም በቀን 60 ደቂቃ ያህል፣ በሳምንት 5 ቀን ነው። እኛ ከ10 ደቂቃ ጀምረን በባለሙያዋ ምክር እየጨመርን ሄደናል።

አናጺ ቤቱ በመጀመሪያ ያስረከበን መቆሚያ ግን እግሮችን አጣብቆ ጎን ለጎን የሚያቆም ነበር፤ የቆሙበትም መሠረት ጠባብ ስለነበር ሌላ ልጅ ሲገፋው ወደ ጎን ይነቃነቅ ነበር። በቤት ውስጥ፣ አንድ አዋቂ አጠገቡ ቆሞ ለሚያገለግል ዕቃ ይህ ቀላል ጉድለት ሊመስል ይችል ይሆናል፤ ብዙ ሕፃናት በሚሯሯጡበት ክፍል ግን ተቀባይነት የለውም። መሠረቱ እንዲሰፋና የእግር መርገጫዎቹ እንዲለያዩ ተደርጎ እስኪመለስ ድረስ ብዙ ጠብቀናል። የተመለሰው ዕቃ ጥሩ ነው። ነገር ግን ባለቤቱ ለወንበሩ የጠየቁትን ያህል ጥያቄ ለመቆሚያው ቢጠይቁ ኖሮ የመጀመሪያውም እንዲሁ ይሆን እንደነበር አምናለሁ። መቆሚያ የሚያሠራ ወላጅ የባለሙያ ንድፍና ልኬት በወረቀት ይዞ ካልሄደ በስተቀር ይህን ዕቃ ከዚህ ቤት እንዲያዝ አልመክርም። መጓጓዣውንም አስቡበት፤ ወንበሩ በባጃጅ የኋላ መቀመጫ ላይ ይገባል፣ መቆሚያው ግን ስለማይገባ በጋሪ ወይም በጭነት መኪና መምጣት አለበት።

መራመጃው አልተሳካም፤ መልሰነዋል። ከፊት እየተገፋ የሚሄድ ዓይነት ነበር፤ ወገቡ ለሚጎብጥ ልጅ ግን ከኋላ እየተሳበ የሚከተለው ዓይነት ቀና ብሎ ለመሄድ ይበልጥ ያግዛል። የእንጨት መራመጃ ክብደቱም ለልጅ ከባድ ነው። ትናንሾቹ ጎማዎች በሊሾ ወለል ላይ ይሽከረከራሉ፣ ከደጃፉ ሲወጡ ግን በጠጠርና በጭቃ ይያዛሉ፤ ክረምቱ ረጅም በሆነበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መራመጃ በቀላል ብረት ቱቦ በብየዳ ቤት ቢሠራ ይሻላል፤ ባለቤቱም ይህን ሲሰሙ አልተከራከሩም፤ ቀብዳችንን ሳይቆርጡ መልሰውልናል።

በዚሁ አጋጣሚ በየሱቁ ስለሚሸጠው፣ ሕፃኑ በመሃሉ ተቀምጦ በጎማ ስለሚንሸራተትበት ባለ ሙዚቃ ፕላስቲክ መናገር እፈልጋለሁ፤ የአካል ጉዳት ላለበትም ለሌለበትም ልጅ አይጠቅምም። ልጁ ዳዴ ለማለት፣ ለመነሣትና ይዞ ለመቆም የሚያስፈልገውን ልምምድ ይሻማዋል፤ ከደረጃ ላይ መውደቅንና በእሳት መቃጠልን የመሰለ አደጋም ያስከትላል። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ሽያጩን ከልክላለች። ከሰል ምድጃና ጀበና ወለል ላይ በሚቀመጥበት የእኛ ቤት አደጋው የባሰ እንጂ ያነሰ አይሆንም።

አሁን በዋጋው ከሁሉ ያነሰ፣ በጥቅሙ ግን ከሁሉ የሰፋ ወደ ሆነው ዕቃ ልምጣ። የሚዛን መለማመጃው ስብስብ ሦስት ነገሮች አሉት፦ ከሥሩ ቅስት ያለው የሚወዛወዝ ጣውላ፣ ጠባብና ረጅም የመራመጃ አግዳሚ፣ በሁለት በኩል መያዣ ያለው ባለ ሦስት እርከን ደረጃ። ሥራው ንጹሕ ነው፤ ጠርዞቹ ተሞርደዋል፣ ከወለሉ ጋር የሚገናኙት ክፍሎች ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ስለተለበዱ አይንሸራተቱም፣ የቪሶቹ ራስም በእንጨቱ ውስጥ ሰምጧል። ያዘዝነው ለሁለት ልጆች ስንል ነበር። ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ ጡንቻው የላላ፣ መገጣጠሚያውም ልል በመሆኑ ደረጃ መውጣት ይፈራ ነበር። ለቆልማማ እግር የታከመው ልጅ ደግሞ በፖንሴቲ ዘዴ፣ በየሳምንቱ በሚለወጥ ጄሶ እግሩ የቀና ነው። ይህ ሕክምና ከጄሶው በኋላ በብረት የተያያዘ ጫማን ለ3 ወር ያህል በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያም እስከ 4 ዓመት አካባቢ በእንቅልፍ ሰዓት ማድረግን ይጠይቃል፤ እናቱ ይህን ሳታጓድል ስለጨረሰች እግሩ ዛሬ ደህና ነው፤ ነገር ግን በዚያኛው እግር ብቻ መቆም አይደፍርም ነበር።

ያልጠበቅነው ነገር ስብስቡን ከሁሉ አብዝተው የፈለጉትም፣ በጀመሩበት ጊዜ ከሁሉ አብዝተው የወደቁበትም የአካል ጉዳት የሌለባቸው ልጆች መሆናቸው ነው። አብዛኞቹ ልጆች በ4 እና በ5 ዓመት መካከል በአንድ እግር መዝለል ይችላሉ። በክፍላችን ይህን ዕድሜ ያለፉ፣ ምንም ሕመም የሌለባቸው፣ ግን በአንድ እግር ሁለቴ እንኳ መዝለል ያቃታቸው ልጆች ነበሩ። ቤታቸው ግቢ የሌለው፣ ደጃቸው ባጃጅ የሚመላለስበት መንገድ፣ መዝናኛቸው ስልክ የሆነ ልጆች ናቸው። ሰኞ ማክሰኞ በጠመኔ ተሥሎ፣ ሱዚ ተዘርግቶ፣ ቅልልቦሽ ተይዞ ያደገው ትውልድ እነዚህን ችሎታዎች ማንም ሳያስተምረው በደጃፍ አግኝቷቸዋል፤ ሰኞ ማክሰኞ በአንድ እግር መዝለልን፣ መዞርንና ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ማንሣትን፣ ቅልልቦሽ ደግሞ ዓይንና እጅን አስተባብሮ መወርወርንና መቅለብን ያለማምዳል። እኛም ጣውላውንና አግዳሚውን በወለሉ ላይ ከሣልነው ሰኞ ማክሰኞ ጋር አያይዘን አንድ የጨዋታ ዙር አድርገነዋል። ዙሩን ሁሉም ልጆች ይዞሩታል፤ ሴሬብራል ፓልሲ ያለባት ልጅ በወንበሯ ሆና ድንጋዩን በመወርወር ማን ወደ የትኛው ሳጥን እንደሚዘል ትወስናለች። ድንጋዩን ጨብጦ መልቀቅ ለእሷ ከባድ የእጅ ሥራ ነው፤ ተራዋን የሚጠብቁ ልጆች ስላሉ ግን በልምምድ ሰዓት ከምታደርገው ይልቅ ደጋግማ ታደርገዋለች።

ይህ ዓይነቱ በጨዋታ የሚደረግ ማነቃቂያ ለጅማ እንግዳ አይደለም። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ዴንቨር 2 የተባለውን የልጆች ዕድገት መመዘኛ ለአካባቢው ልጆች አስማምተው እ.ኤ.አ. በ2016 አሳትመዋል፤ በ2019 ባሳተሙት ሌላ ጥናት ደግሞ በከፍተኛ የምግብ እጥረት ታመው ሆስፒታል ለተኙ ከስድስት ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች፣ ከተለመደው ሕክምና በተጨማሪ ቤተሰብን ያሳተፈ የጨዋታ ማነቃቂያ ሰጥተው ለውጡን መዝነዋል። ማነቃቂያውን ያገኙት ልጆች በሆስፒታል ቆይታቸው በትላልቅ እንቅስቃሴዎች፣ ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ ደግሞ በጣትና በእጅ ረቂቅ እንቅስቃሴዎች የተሻለ ለውጥ አሳይተዋል። የእንቅስቃሴ ችሎታ መዘግየት የአካል ጉዳት ተብሎ ከተመዘገበው ልጅ ጋር ብቻ የሚያያዝ ነገር አይደለም ማለት ነው፤ ረሃብም፣ ሕመምም፣ መጫወቻ ማጣትም ያዘገየዋል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ስሕተትም አለ፤ ጎረቤት የጎረቤትን ልጅ እያየ ያለ ጊዜው መጨነቅ። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ልጆች ላይ ባደረገው ክትትል ጤነኛ ልጆች ብቻቸውን መራመድ የሚጀምሩበት ጊዜ ከ8.2 እስከ 17.6 ወር እንደሚዘረጋ አሳይቷል፤ ያለ ድጋፍ መቀመጥም ከ3.8 እስከ 9.2 ወር ይደርሳል። ከመቶ አራት ያህሉ ደግሞ በእጅና በጉልበታቸው ሳይድሁ ቀጥታ ወደ መቆም አልፈዋል። አናጺ ቤቱን ስጎበኝ አሥር ወር ያልሞላውን ጤነኛ ልጃቸውን «አልቆም አለ» ብለው መቆሚያ ሊያዝዙ የመጡ ወላጆች አጋጥመውኛል፤ ባለቤቱ «በመጀመሪያ ሐኪም ይየው፤ ከዚያ እኔ አለሁ» ብለው መለሷቸው። ትእዛዝ የሚመልስ ነጋዴ ብዙ ጊዜ አላየሁምና ይህ በእኔ ዘንድ ለቤቱ ትልቅ ነጥብ አስገኝቶለታል።

በዋጋ ረገድ፣ ለማዕዘን ወንበሩ ከነገበታው 5500 ብር ገደማ፣ ለመቆሚያው 9000 ብር ገደማ፣ ለሚዛን ስብስቡ ደግሞ በጠቅላላው 3500 ብር ገደማ ከፍለናል፤ የእንጨት ዋጋ በየጊዜው ስለሚቀያየር ይህን እንደ ግምት ብቻ ውሰዱት። ግማሹ በቅድሚያ ይከፈላል። ከውጭ የሚመጡት የብረትና የፕላስቲክ ዕቃዎች ከልጁ ዕድገት ጋር ሊስተካከሉ የሚችሉ መሆናቸው የማይካድ ብልጫ ነው፤ ዋጋቸው ግን ለአብዛኛው ቤተሰብ የሚታሰብ አይደለም፤ ሲሰበሩም መለዋወጫ አይገኝላቸውም። በሌላው ጫፍ ደግሞ ከካርቶንና ከወረቀት በማጣበቂያ ተደራርቦ የሚሠራ ወንበር አለ፤ ዘዴው በዚምባብዌ የዳበረ ሲሆን፣ በትዕግሥት ከተሠራ ጠንካራ ነው፣ እጅግም ርካሽ ነው። ሆኖም ውኃ ጠላቱ ነው፤ በጅማ የአየር ጠባይ ለማድረቅ የሚፈልገውም ጊዜ ይረዝማል። ለአንድ ወቅት መሞከሪያ ግን፣ ወላጅ ገንዘቡን በእንጨት ላይ ከማፍሰሱ በፊት ልኬቱ ትክክል መሆኑን ለማየት የካርቶን ወንበር ይበቃል።

የጊዜ ጉዳይ የቤቱ ዋና ድካም ነው። የተባለው ቀን አይከበርም፤ «ነገ» የሚለው መልስ ደጋግሞ ይሰማል፤ ሠርግ በሚበዛበት ወቅትም የአልጋ ትእዛዝ የልጆቹን ዕቃ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ለአዋቂ አልጋ አንድ ወር ቢዘገይ ልኩ አይቀየርም፤ የልጅ ወንበር ግን ዘግይቶ ሲመጣ ልጁ ከልኬቱ አልፎ ሊገኝ ይችላል። ይህን ለባለቤቱ በግልጽ ነግሬያቸዋለሁ፤ «እውነት ነው መምህር» ብለው ተቀብለውኛል፤ ለውጡን ግን ገና አላየሁም። ከርክክብ በኋላ ያለው አገልግሎት በአንጻሩ ጥሩ ነው፤ የላላ ቪስ ለማጥበቅና ማሰሪያ ለመቀየር ልጃቸውን መሣሪያ አስይዘው ይልካሉ፤ ለዚህም ገንዘብ አይጠይቁም።

ስለ ዕድገት አንድ መፍትሔ ከእሳቸው ጋር ተነጋግረን ደርሰንበታል። ወንበሩ ሲሠራ የእግር መርገጫውና ገበታው በሦስት የተለያዩ ከፍታዎች ላይ በቀዳዳና በብሎን እንዲገጠሙ፣ የጀርባው ውስጥም ሊወጣ የሚችል ተጨማሪ ስፖንጅ እንዲኖረው ማድረግ ይቻላል። ስፖንጁ ሲወጣ መቀመጫው ይጠልቃል፤ ስለዚህ ያው ወንበር ከአንድ ዓመት በላይ ሊያገለግል ይችላል። ይህን በትእዛዙ ጊዜ ካልጠየቃችሁ አይሠሩላችሁም፤ ዋጋውንም የሚጨምረው በትንሹ ነው።

ለማዘዝ ያሰበ ሰው ልጁን፣ የባለሙያውን ልኬትና ልጁ የሚማርበትን ወይም የሚበላበትን ጠረጴዛ ከፍታ ይዞ ይሂድ፤ ዕቃው ሲጠናቀቅም ከመረከቡ በፊት ልጁን አስቀምጦ፣ ማሰሪያው በዳሌ ላይ መዋሉን፣ እግሩ ሙሉ በሙሉ መርገጡን፣ ከአንድ ሰዓት በኋላም በቆዳው ላይ የቀላና ቶሎ የማይጠፋ ምልክት አለመኖሩን ይመልከት። ትእዛዙን ደግሞ ከሰኔ በፊት ማስገባት ይሻላል፤ ክረምት ከገባ ጣውላው በደንብ አይደርቅም፣ ባልደረቀ ጣውላ የተሠራ ወንበርም በበጋው መገጣጠሚያው ይላላል። እኛም የሚቀጥለውን ዓመት ወንበር ያዘዝነው በሚያዝያ ነው፤ የአሁኑ ደግሞ በአካባቢያችን ወንበሩን የምትጠብቅ አንዲት የሦስት ዓመት ሕፃን ስላለች፣ ልኬቷ ተወስዶ መርገጫው ወደ ላይ ከተነሣ በኋላ ወደ እሷ ቤት ይሄዳል።